የግሌንዳሎኩ ቤተ ክርስቲያን ዕድሜው ስንት ነው? የምታውቁ አስረዱኝ

መንገደኛዋ

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። አየርላንድ ውስጥ ደብሊን መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ግሌንዳሎክን ያየሁት ግን ገና ባለፈው ቅዳሜ ነው። ከደብሊን በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዊክሎ ተራሮች መካከል የሚገኝ ሸለቆ ነው። ስሙ በአይሪሽ ቋንቋ «የሁለቱ ሐይቆች ሸለቆ» ማለት ነው። ሐይቆቹ የላይኛውና የታችኛው ይባላሉ፤ የገዳሙ ግቢ ያለው ከታችኛው ሐይቅ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው።

ገዳሙን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረተው ቅዱስ ኬቨን ነው። መጀመሪያ ብቻውን በላይኛው ሐይቅ ዳር ይኖር ነበር ይባላል። ከገደሉ ላይ ውኃውን ቁልቁል የሚያይ ዋሻ አለ፤ ሰው ቀጥ ብሎ የማይቆምበት፣ ተጎንብሶ ብቻ የሚገባበት ነው። እስከ ዛሬ «የኬቨን አልጋ» ይሉታል። ቅዱሱ ያረፈው በ618 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ይነገራል። በዓሉ ጁን 3 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 26 ቀን።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በግቢው ውስጥ ጣሪያው ሳይቀር ድንጋይ የሆነ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአካባቢው ሰው «የቅዱስ ኬቨን ወጥ ቤት» ይለዋል፤ በጣሪያው ላይ ብቅ ያለው ክብ የደወል ማማ የጭስ ማውጫ ስለሚመስል ነው እንጂ ምግብ የተሠራበት ቤት አይደለም። በሩ ተዘግቶ ስለነበር በብረት ፍርግርጉ መካከል ወደ ውስጥ ስመለከት ቆየሁ። አጠገቤ የቆመ አንድ አስጎብኚ «ይህን ቤት ኬቨን ራሱ በእጁ ሠራው» ሲል ሰማሁት። ቤት ገብቼ ሳነብ ደግሞ ሕንፃው የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው የሚል አገኘሁ። የአምስት መቶ ዓመት ልዩነት ነው! እንባ እስኪተናነቀኝ የተሳለምኩት ግድግዳ ቅዱሱ የሚያውቀው ነው ወይስ አይደለም? ማወቅ እፈልጋለሁ።

ግንበኛው ከጎንደር

እህቴ፣ መልካም ጥያቄ ነው። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ከድንጋይ ሕንፃ ጥገና ጋር ሃያ ዓመት ቆይቻለሁ። ግሌንዳሎክንም ሁለት ጊዜ አይቸዋለሁ፤ ስለዚህ በቀጥታ ልመልስልሽ፦ ኬቨን ያንን ግድግዳ አላየውም።

በኬቨን ዘመን አየርላንድ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን በአብዛኛው የሚሠራው ከእንጨት ነበር። በጥንታዊው አይሪሽ ለቤተ ክርስቲያን ከሚሰጡት ስሞች አንዱ «የኦክ እንጨት ቤት» የሚል ነው። የድንጋዩ ሌላ ስም አለው፤ ሁለት ስም ያስፈለገው ሁለት ዓይነት ቤት ስለነበር ነው። እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳም በ731 በጨረሰው ታሪኩ፣ ከአይሪሾች ዘንድ የመጣው ጳጳስ ፊናን በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በሊንዲስፋርን ደሴት ቤተ ክርስቲያን ሲያሠራ በድንጋይ ሳይሆን በተጠረበ ኦክ ሠርቶ በሸምበቆ እንደ ከደነው ጽፏል። የሠራውም «እንደ አይሪሾች ልማድ» ነው ይላል። ከኬቨን ዕረፍት በኋላ አንድ ትውልድ ብቻ ባለፈ ጊዜ ማለት ነው።

አንቺ ያየሽው ትንሹ ቤት ግን ድንቅ የሙያ ሥራ ነው። ጣሪያው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ወደ ውስጥ እየገፋ የወጣ፣ በጣም ሾጣጣ ነው። እንዲህ ያለ ጣሪያ ቤቱ ክብ ሲሆን ራሱን በራሱ ይሸከማል። ቤቱ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ሲሆን ግን የጎንና ጎኑ ረጅም ክፍል መሃሉ ላይ ወደ ውስጥ መስመጥ ይጀምራል። በምዕራብ አየርላንድ ዲንግል ልሳነ ምድር ላይ ጋላረስ የሚባል ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተካበ የጸሎት ቤት አለ፤ የጣሪያው ጫፍ መሃል ላይ ጎበጥ ማለቱን ቀና ብሎ ያየ ሁሉ ይገነዘበዋል። የግሌንዳሎክ ግንበኞች መፍትሔ አገኙለት። ከጣሪያው ሥር ሌላ ግማሽ ክብ ቅስት ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግተው ጣሪያውን ከውስጥ ደገፉት። በቅስቱና በጣሪያው መካከል የቀረው ባዶ ቦታ ደግሞ ቆጥ ሆነ። በኬልስ ከተማ ያለው የቅዱስ ኮለምባ ቤትም የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ይህ የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እውቀት አይደለም፤ ብዙ ጣሪያ ወድቆ የተገኘ ትምህርት ነው።

ሌላም ልጨምርልሽ። ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ዞረሽ ቢሆን ኖሮ፣ በውጭ በኩል ላዩ ላይ የሾጣጣ ጣሪያ ጠባሳ ታዪ ነበር። በኋላ ዘመን መቅደስ ቀጥለውበት ነበር፤ ግድግዳውን በስተው ቅስት አወጡለት። መቅደሱ ፈርሶ ጠፋ፤ ጠባሳውና ከጎኑ የተቀጠለችው ትንሽ ዕቃ ቤት ብቻ ቀሩ። እንግዲህ «ይህ ቤት የመቼ ነው?» ስትዪ መጀመሪያ «የትኛው ክፍሉ?» ብለሽ መጠየቅ አለብሽ።

የለንደኑ ወንድም

እኔ ደግሞ ማንም ያላለውን ልበል። አየርላንድን ክርስትና ያስተማሩት ከግብፅና ከእኛ አገር የሄዱ መነኮሳት ናቸው። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለውን መስቀላቸውን ተመልከቱ! ሰባት የግብፅ መነኮሳት አየርላንድ ውስጥ መቀበራቸው በጽሑፍ አለ። ከነዚያ መካከል ሐበሾች እንደነበሩ አልጠራጠርም። ታሪካችንን ሌላው እስኪጽፍልን የምንጠብቀው እስከ መቼ ነው?

የኔታ ዘጎጃም

ልጄ፣ ቅናትህ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ያልተጻፈውን ተጽፏል ማለት ለአባቶቻችን ክብር አይጨምርላቸውም። የተባለው ጽሑፍ በእርግጥ አለ። በጥንታዊ የአይሪሽ የቅዱሳን ልመና ውስጥ «በዲሰርት ኡላይግ ያሉ ሰባት የግብፅ መነኮሳት» ተብለው ይጠራሉ። ስለ ሐበሻ ግን አንድም ቃል የለውም። ስለዚህ የሌለውን ትተን ያለውን እንይ፤ ያለው ይበቃናልና።

ያለው ይህ ነው። እኛና አይሪሾቹ ምንኩስናን የተማርነው ከአንድ ምድረ በዳ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ የጻፈው የአባ እንጦንስ ገድል ጸሐፊው ገና በሕይወት ሳለ አካባቢ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ምዕራቡን ሁሉ አዳረሰ። በግብፅ በረሃ ከአባቶች እግር ሥር የተቀመጠው ዮሐንስ ካሲያን በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳይ ወርዶ በማርሴይ ገዳም መሠረተ፤ መጻሕፍቱም ከዚያ ወደ ሰሜን ተጓዙ። የእንጦንስ ሥርዓት ወደ እኛ በአባይ ሽቅብና በቀይ ባሕር መጣ፤ ወደ እነርሱ በሜዲትራኒያንና በጋውል፣ ማለትም በጥንቷ ፈረንሳይ፣ በኩል ሄደ። ወንድማማችነታችን በአባት በኩል ነው፤ አንዳችን የሌላችንን ደጅ ረግጠን አይደለም።

ማስረጃ ትሻለህን? አየርላንድ ውስጥ በሞንስተርቦይስ ያለውን የሙይረዳክ የድንጋይ መስቀል ተመልከት፤ በሙን ያለውንም እንዲሁ። ሁለት አረጋውያን ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ እንጀራ ይቆርሳሉ። እነማን እንደሆኑ እኛ ወዲያው እናውቃለን፦ አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ ናቸው። ቁራው ለጳውሊ በየቀኑ ግማሽ እንጀራ ያመጣለት ነበር፤ እንጦንስ ሊጠይቀው በመጣ ቀን ግን ሙሉ አመጣ። የካቲት 2 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ የምንሰማው ይኸው ነው። ዝናም በማያባራበት አገር፣ በረሃ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ጠራቢ ይህን በድንጋይ ላይ ቀረጸ።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ዲሰርት» የሚለው የአይሪሽ ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ በረሃ ነው። አይሪሾቹ ባሕታዊ የሚኖርበትን ስፍራ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩታል፤ በለምለም ሣር መካከል እንኳ ቢሆን «በረሃ» ነው። እኛም ብንሆን «ገዳም» ስንል ቃሉ በግእዝ ምድረ በዳ፣ ዱር ማለት እንደሆነ ማን ያስባል? ሁለታችንም ሳናውቅ የግብፅን አሸዋ በስም ይዘን ቀረን።

የለንደኑ ወንድም

የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተምሬአለሁ። ስለ «ገዳም» የነገሩን ነገር ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ቁም ጸሐፊ

መጽሐፍ የሚነካ ነገር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ የምተዳደር ሰው ነኝ። በ2006 እ.ኤ.አ. ጁላይ ወር በቲፐረሪ አውራጃ ፋደን ሞር በሚባል ረግረግ ውስጥ፣ በመኪና አፈር ሲዛቅ አንድ ዳዊት ተገኘ። ከ800 ገደማ ጀምሮ እዚያ ጭቃ ውስጥ የነበረ ነው። አሁን ደብሊን በብሔራዊ ሙዚየም ይታያል፤ መንገደኛዋ እባክሽን ሄደሽ እዪልን።

እንቅልፍ የነሳኝ ምን መሰላችሁ? የብራናው አብዛኛው ክፍል በረግረጉ ውኃ ተበልቶ ሟሟ። ቀለም የነካው ቦታ ግን ቆዳው ተርፏል። ቀለሙ ብረት ያለበት ስለሆነ ብራናውን እንደ ማልፋት አድርጎ አጠነከረው። ስለዚህ ገጹ ጠፍቶ ፊደሎቹ እንደ ተበተነ ጥራጥሬ ቀሩ። ጠጋኞቹ ዓመታት ወስዶባቸው ፊደል በፊደል ለቀሙት። መጀመሪያ ከተነበቡት ቃላት አንዱ በመዝሙር 83 ያለው «የልቅሶ ሸለቆ» የሚለው ነው። እኔ ፊደል የምጽፈው በብራና ላይ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ እዚያ ግን ብራናውን ያቆየው ፊደሉ ነው።

ደግሞ የቆዳ ሽፋኑ ውስጠኛ ገበር ፓፒረስ ነበረበት። ፓፒረስ አየርላንድ አይበቅልም፤ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመጣ ነው። የኔታ ያሉትን መንገድ ይህ ቁራጭ በእጅ የሚዳሰስ ያደርገዋል። የአይሪሽ መነኮሳት መጻሕፍታቸውን በቆዳ ከረጢት አድርገው በግድግዳ ላይ ይሰቅሉ ነበር። በእኛ አገር ማኅደር በግድግዳ ካስማ ላይ ተሰቅሎ እያየ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልገኝም።

መንገደኛዋ

ቁም ጸሐፊ፣ ይህን ስትጽፍ በግሌንዳሎክ የሰማሁት ታሪክ ትዝ አለኝ። ቅዱስ ኬቨን በሐይቁ ዳር ሲጸልይ ዳዊቱ ከእጁ አምልጦ ውኃ ውስጥ ገባ። የውኃ እንስሳ፣ ያ ዓሣ የሚበላው ባለ ጸጉሩ፣ ጠልቆ መጽሐፉን በአፉ ይዞ አወጣለት። አንድም ፊደል አልራሰም ይላሉ። እኔ እንደ ተረት ሰምቼ አልፌው ነበር።

የጥቁሯን ወፍ ታሪክም ታውቁት ይሆናል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጄራልድ ዘዌልስ ጽፎታል። ኬቨን በጾም ወቅት እጁን በመስኮት ዘርግቶ ሲጸልይ ወፏ መዳፉ ላይ ጎጆ ሠርታ እንቁላል ጣለች። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እስኪወጡ ድረስ እጁን አላጠፈም።

ሌላም ጥያቄ አለኝ፦ ይህን ያህል ትልቅ የነበረ ገዳም እንዴት ሰው አልባ ሆነ?

ግንበኛው ከጎንደር

በአንድ ቀን አልሆነም። የቫይኪንጎች ወረራ ነበር፣ የእሳት ቃጠሎም ነበር፤ እያንዳንዱ ጊዜ ተመልሶ ተገነባ። እንዲያውም የገዳሙ ከፍተኛ ዘመን የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በ1111 በተደረገው የራህ ብሬሳል ጉባኤ ግሌንዳሎክ ከአየርላንድ ሀገረ ስብከቶች አንዱ ሆነ። በግቢው ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያንም ካቴድራል፣ ማለትም የጳጳሱ መንበር ያለበት ቤተ ክርስቲያን፣ ተባለ። በ1153 ሎርካን ኦቱል፣ በእንግሊዝኛው ሎረንስ የሚባለው፣ በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜው አበ ምኔት ሆነ። ከማዕከሉ ወደ ምሥራቅ ርቆ በዛፎች መካከል ያለውን፣ ቅስቱ በጥርብ ቅርጽ ያጌጠውን የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከእርሱ ስም ጋር ያያይዙታል። በ1162 የደብሊን ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ሊቀ ጳጳስ ከሆነ በኋላም በዐቢይ ጾም እየመጣ በዚያች የኬቨን ዋሻ ሱባኤ ይይዝ ነበር ይባላል። ያረፈው በ1180 በኖርማንዲ ነው። ልቡ ግን በደብሊን ክራይስት ቸርች ካቴድራል ተቀመጠ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ተሰርቆ በ2018 ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ኖርማኖች አገሩን ያዙ። በ1214 ሀገረ ስብከቱ ወደ ደብሊን ተጠቃለለ። እኔ እንደማየው ግሌንዳሎክን ያዳከመው ይህ ነው እንጂ እሳት አይደለም። ጳጳስ የሌለው ካቴድራል ጣሪያውን ማን ያድስለታል? በ1398 እንግሊዞች መጥተው አወደሙት፤ የወደቁበት ግን አስቀድሞ የተዳከመ ቤት ነበር።

ሰዉ ግን አልተወውም። ቀብሩን አላቋረጠም፤ እስካሁን የመቃብር ድንጋዮቹ መካከል ለመራመድ ያስቸግራል። ያ «ወጥ ቤት» የምንለውም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የአካባቢው ካቶሊኮች ያስቀድሱበት ነበር።

የሸዋ ልጅ በቤልፋስት

ስለ ረጅሙ ማማ ማንም አላነሳም! ቁመቱ 30 ሜትር ያህል ነው፤ በሩ ደግሞ ከመሬት 3.5 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። መነኮሳቱ ወራሪ ሲመጣ በመሰላል ወጥተው መሰላሉን ይስቡ ነበር ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

ግንበኛው ከጎንደር

በመጀመሪያ የደወል ቤት ነው። በአይሪሽ ስሙ ራሱ «የደወል ቤት» ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እሳት አምላኪዎች ሠሩት የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ ጆርጅ ፔትሪ በ1845 ባሳተመው ጥናት የአብያተ ክርስቲያን የደወል ማማ መሆናቸውን አረጋገጠ። ንዋየ ቅድሳትና ሰው ሸሽቶ ገብቶባቸው ያውቃል። ነገር ግን ውስጡ ወለሉ እንጨት ነው፤ እሳት ከተለኮሰበት የጭስ ማውጫ ይሆናል፤ እንደ ምሽግ አስቦ የሚሠራው ሰው የለም። በሩን ከፍ ማድረጉ ለግንባታውም ይበጃል፤ የማማው እግር ላይ ቀዳዳ ባነሰ ቁጥር ይጠነክራል። የሾጣጣው ክዳን ወድቆ ነበር፤ በ1876 እዚያው ውስጥ በተገኙት የራሱ ድንጋዮች መልሰው ሠሩት።

የኔታ ዘጎጃም

በዓሉስ? በግንቦት 26 ሕዝቡ ይሰበሰባልን?

የሸዋ ልጅ በቤልፋስት

የኔታ፣ ጥንት ይሰበሰብ ነበር። ከሩቅ በእግሩ የሚመጣ ብዙ ነበር፤ ሰባት ጊዜ ግሌንዳሎክን የተሳለመ ሮም እንደ ሄደ ይቆጠርለታል ይሉ ነበር። ከጸሎቱ ጋር ገበያውም፣ መጠጡም፣ ዱላውም እየበዛ ሲሄድ የደብሊኑ ሊቀ ጳጳስ ፖል ከለን በ1862 ከለከለው። ከባለቤቴ ቤተሰብ አንድ ሽማግሌ፣ አይሪሽ ናቸው፣ ስለዚህ ሲያወሩ ገና ትናንት እንደተከለከለ ያህል ይቆጣሉ።

የኔታ ዘጎጃም

ልክ ናቸው ሽማግሌው። ሰካራሙን ማስወጣት ሲቻል በዓሉን መሻር አይገባም ነበር።

መንገደኛዋ

እንዳላችሁኝ ትናንት ተመልሼ ሄድኩ። የወንድሜን የግንበኛውን ጽሑፍ አትሜ በእጄ ይዤ ነበር።

በጥንታዊው በር ገባሁ። ድርብ የግራናይት ቅስት ነው፤ የገዳም በር እንዲህ ቆሞ የቀረው በአየርላንድ ሁሉ ይኸው አንዱ ብቻ ነው ይላሉ። ልክ እንደገባሁ በቀኝ ግድግዳው ላይ ትልቅ መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ አለ። ባለፈው ሳላየው ነው ያለፍኩት። ከዚያ ድንጋይ ወዲህ የገባ ስደተኛ በገዳሙ ጥላ ሥር ነበር፤ አሳዳጁ ሊነካው አይችልም። እጄን መስቀሉ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ።

ከዚያ «ወጥ ቤቱን» ዞርኩት፤ የጣሪያውን ጠባሳ አየሁት። ከዚያም ጣሪያ ወደሌለው ካቴድራል ሄድኩ። ግንበኛው በግል መልእክት «ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እዪው» ብሎኝ ነበር። የታችኛው ረድፍ በትላልቅ፣ በልክ በተጠረቡ ድንጋዮች የተሠራ ነው። ከደረት ከፍ ሲል ድንጋዩ ድንገት ያንሳል፣ ይዘበራረቃል። ትላልቆቹ ቀድሞ እዚያው ከነበረ አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን የተወሰዱ ናቸው፤ ያንን አፍርሰው በራሱ ድንጋይ ትልቁን ጀመሩት፤ ድንጋዩ ሲያልቅባቸው በሌላ ቀጠሉ። የጎን ግድግዳዎቹ ጫፎች ከማዕዘኑ አልፈው ወደ ውጭ ይወጣሉ። እርሱ እንዳስረዳኝ ይህ የእንጨቱ ቤት የማዕዘን ምሰሶ አምሳል ነው ተብሎ ይታሰባል። ድንጋይ ሲያነሡ እንኳ የአባቶቻቸውን የኦክ ቤት አልረሱም።

ያን ጫፍ በመዳፌ ዳሰስኩት። ዝናም መጥቶ ነበር። ድንጋዩ ሲርስ በውስጡ ያሉት ብልጭልጭታዎች ይነቃሉ፤ ደረቅ ሲሆን ግራጫ ብቻ ነው። አንዲት ጥቁር ወፍ ከግድግዳው ስንጥቅ ወጥታ ከመቃብሮቹ በላይ በረረች፣ ተመልሳም ገባች። ጎጆዋ እዚያ ነው።

ቁም ጸሐፊ፣ ዳዊቱን ለማየት ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ሙዚየም እሄዳለሁ። ፊደሎቹን ቆጥሬ እነግርሃለሁ።